እልፍኝ አስከልካዩን መፈተን፦ ስለ ድር መተግበሪያ ኮንትሮለሮች አውቶማቲክ ሙከራ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ጠባብ ነው። ስለ ሶፍትዌር ጥራት በጠቅላላው አልናገርም፤ ለዚያ አንድ ሴሚስተርም አይበቃ። የምናገረው በድር መተግበሪያ ውስጥ ኮንትሮለር ተብሎ ስለሚጠራው ክፍል፣ ይህንንም ክፍል በአውቶማቲክ ሙከራ ስንፈትሽ በእርግጥ ምን እየጠየቅን እንደ ሆነ ነው። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከምንጽፋቸው የኮንትሮለር ሙከራዎች አብዛኞቹ «የተፈቀደለት ሰው ሲጠይቅ ይሳካለታልን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኮንትሮለር ከሌሎቹ የፕሮግራም ክፍሎች ተለይቶ የተሰጠው ኃላፊነት ያልተፈቀደለትን መመለስ ስለ ሆነ፣ ሙከራውም በይበልጥ በዚያ ላይ ሊበረታ ይገባል እላለሁ።

አስቀድሜ በቃሉ ላይ ጥቂት ልቆይ። «ኮንትሮለር» የሚለውን በቀጥታ «ተቆጣጣሪ» ብለን ብንተረጉመው፣ ብዙዎቻችን የምናስበው የአውቶቡስ ቲኬት የሚያየውን ሰው ነው። ለዚህ ክፍል ጠባይ የሚቀርበው ከቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት የምናውቀው «እልፍኝ አስከልካይ» ይመስለኛል። እልፍኝ አስከልካይ ዳኛ አይደለም፤ ግምጃ ቤትም አይጠብቅም። ሥራው ባለጉዳዩን በደጅ ተቀብሎ ማንነቱንና ጉዳዩን መጠየቅ፣ መግባት የሚገባውን ማስገባት፣ የማይገባውን መመለስ ነው። ኮንትሮለርም ከአሳሹ የመጣውን የኤችቲቲፒ ጥያቄ ይቀበላል፤ ላኪው ማን እንደ ሆነ ይለያል፤ የተላከውን መረጃ ያጣራል፤ ስሌትና ውሳኔ ያለበትን ሥራ ለሞዴሉ ያስተላልፋል፤ ከዚያም ምላሹን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። የትርጉሙን ጉዳይ ለሙያ ቃላት አዘጋጆች እተዋለሁ፤ በንግግሬ ውስጥ የተለመደውን «ኮንትሮለር» እጠቀማለሁ።

ሞዴል፣ ቪውና ኮንትሮለር የሚለውን ክፍፍል ያመነጨው ኖርዌያዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ትሪግቬ ሬንስካውግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ሳለ። በዚያን ጊዜ ኮንትሮለር የሚቀበለው በማሽኑ ፊት የተቀመጠውን የአንዱን ሰው የቁልፍ ሰሌዳና የማውስ እንቅስቃሴ ነበር። በደጅ የሚቆም እንግዳ አልነበረም። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሩቢ ኦን ሬይልስ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ቀጥሎም ላራቬልን የመሰሉ ሌሎች ማዕቀፎች ሲስፋፉ፣ ይኸው ስም ወደ አደባባይ ለተከፈተ በር ተሰጠ። ጃንጎ ይህንኑ ሥራ የሚሠራውን ክፍል «ቪው» ብሎ ይጠራዋል፤ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ነው፣ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ልዩነት አያመጣም። ልብ ልንለው የሚገባን ስሙ ሳይለወጥ የሥራው ጠባይ እንደ ተለወጠ ነው። በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ አይታወቅም፤ በእጁ የያዘውም እኛ በሠራነው ቅጽ ላይ የሞላው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሁላችንም የምናውቀውን የውጤት መመዝገቢያ ሥርዓት በሐሳባችን እንሥራ። የኮርሱ መምህር የተማሪውን ውጤት ያስገባል፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያጸድቃል፤ ሬጅስትራሩ ይዘጋል፤ ተማሪው የራሱን ውጤት ብቻ ያያል። መምህሩ «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፣ አሳሹ የኮርሱን ቁጥር፣ የተማሪውን መለያ ቁጥርና ውጤቱን የያዘ የፖስት ጥያቄ ይልካል። የተለመደው ሙከራ እንዲህ ይላል፦ መምህር ፍጠር፤ በእርሱ ስም ግባ፤ ለኮርስ 41፣ ለተማሪ 907 «ኤ» ብለህ ላክ፤ ወደ ሌላ ገጽ መመራትን ጠብቅ። ሙከራው ያልፋል፤ አረንጓዴ መስመር ይታያል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል።

አሁን ይህ አረንጓዴ መስመር ምን እንዳልነገረን እንመርምር።

በኤችቲቲፒ 302 የሚለው የምላሽ ቁጥር «ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ» ማለት ነው። መምህሩ ውጤቱን በትክክል ሲያስገባ ኮንትሮለሩ ወደ ውጤት ዝርዝሩ ገጽ ይመራዋል፤ ቁጥሩ 302 ነው። መግቢያውን ያላለፈ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሲልክ ደግሞ ወደ መግቢያው ገጽ ይመራዋል፤ ቁጥሩ አሁንም 302 ነው። እንግዲህ መመራትን ብቻ የሚጠብቅ ሙከራ ለመሳካትም ለመከልከልም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን የሙከራው የመግቢያ ደረጃ በአንዳች ምክንያት ቢበላሽና መምህሩ በእርግጥ ባይገባ፣ እነዚያ ሙከራዎች ሁሉ ማለፋቸውን ይቀጥላሉ። ምንም ሳይመዘገብ፣ ማንም ሳይገባ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ የምላሹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚመራበትን አድራሻ፣ ከዚያም በዳታቤዙ ውስጥ የተጻፈውን መመልከት። ቀላል ቢሆንም የሚዘነጋ ነው።

ሁለተኛው ችግር ተቃራኒው ነው። ኮንትሮለሩ «አልተፈቀደም» ብሎ 403 ይመልሳል፤ ሥራው ግን አስቀድሞ ተፈጽሟል። ይህ የሚሆነው ፕሮግራም አድራጊው መዝገቡን አስቀምጦ ፈቃዱን ከዚያ በኋላ ሲጠይቅ፣ ወይም ክልከላው ገጹን ከማሳየት ብቻ ሲያግድ ነው። እልፍኝ አስከልካዩ ባለጉዳዩን በቃል ይመልሰዋል፤ ደብዳቤው ግን ገብቷል። የምላሹን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሙከራ ይህንን አይይዝም። ስለዚህ የክልከላ ሙከራ ሁልጊዜ ሁለት ዓይን ያስፈልገዋል፤ አንዱ በተመለሰው ምላሽ ላይ፣ ሌላው በውስጥ በቀረው ነገር ላይ። ውጤቱ ከዳታቤዝ እንደ ገና ተነቦ እንዳልተለወጠ መታየት አለበት። በማስታወሻ ውስጥ የቆየውን ዕቃ መመልከት አይበቃም፤ እርሱ የድሮውን ዋጋ ይዞ ሊቆይ ይችላልና። የማሳወቂያ መልእክት የሚልክ ሥርዓት ከሆነም መልእክቱ አለመላኩ ይታያል።

ሦስተኛው ከሁለቱ የረቀቀ ነው፤ ክልከላው በተሳሳተ ምክንያት ሲገኝ። ተማሪ ውጤት መለወጥ እንደማይችል የሚያረጋግጥ ሙከራ ጻፍን እንበል፤ የጠበቅነው 404 ነው። ሙከራው አለፈ። ምክንያቱ ግን በአድራሻው ላይ አንድ ፊደል ስለ ተሳሳትን ነበር። ያ አድራሻ ለማንም የለም፤ ለመምህሩም፣ ለሬጅስትራሩም። የተዘጋ በር ያየን መስሎን ግድግዳ አንኳክተናል።

ለዚህ መድኃኒቱ የክልከላ ሙከራን ብቻውን አለመጻፍ ነው። አንድ ጥያቄ ይዘጋጃል፤ አድራሻው፣ መረጃው፣ ሁሉ ነገሩ አንድ። ይህንኑ ጥያቄ መጀመሪያ የኮርሱ መምህር ይልከዋል፤ ይሳካል። ቀጥሎ ያንኑ ጥያቄ የሌላ ኮርስ መምህር ይልከዋል፤ ይከለከላል። የተለወጠው የላኪው ማንነት ብቻ ስለ ሆነ፣ የምላሹም ልዩነት ከማንነቱ በቀር ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም። በቤተ ሙከራ የሠራችሁ ተማሪዎች ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ታያላችሁ፤ አንዱን ተለዋዋጭ ብቻ ለይቶ የመቀየር ጥንታዊ ዘዴ ነው። እኔ ሦስቱን ወጥመዶች ያበዛሁት ይህንን ጥንድ ለማስተዋወቅ ነው፤ ከንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ቢኖር ይህንን ይያዝ።

ጉዳዩ የትምህርት ክፍል ልምምድ ብቻ አለመሆኑን ሁለት የታወቁ ክስተቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ጋዜጠኛው ብራያን ክሬብስ እንደ ዘገበው፣ ፈርስት አሜሪካን የተባለው የአሜሪካ የንብረት ባለቤትነት ዋስትና ኩባንያ ድረ ገጽ ወደ 885 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰነዶችን ለማንኛውም ሰው ክፍት አድርጎ ቆይቶ ነበር። የባንክ ሒሳብ ቁጥሮችና የማንነት መለያዎች በውስጣቸው ነበሩ። ሰብሮ መግባት አላስፈለገም። የአንድ ሰነድ አድራሻ የደረሰው ሰው በአድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ የሌላውን ሰው ሰነድ ያገኝ ነበር። በእኛ ምሳሌ ቋንቋ፣ ተማሪ 907 አድራሻውን ወደ 908 ለውጦ የጓደኛውን ውጤት ማየት ማለት ነው። ለዚህ የሚጻፈው ሙከራ ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ሌላው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 በጊትሀብ ላይ የሆነው ነው። ኢጎር ሆማኮቭ የተባለ ወጣት ፕሮግራም አድራጊ የሬይልስ ማዕቀፍ ከቅጽ የመጣውን መረጃ ሁሉ ሳያጣራ ወደ መዝገብ ማስገባት እንደሚፈቅድ ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ ሰሚ ሲያጣ፣ በራሱ በጊትሀብ ላይ አሳየ። ይፋዊ ቁልፉን በሚመዘግብበት ቅጽ ላይ ያልነበረ የተጠቃሚ መለያ ቁጥር ጨምሮ ላከ፤ ቁልፉም በሬይልስ ፕሮጀክት ባለቤቶች ስም ተመዘገበለት፤ በዚያም ወደ ፕሮጀክቱ ማከማቻ መጻፍ ቻለ። ይህ ከተከሰተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በሬይልስ 4፣ የትኛው መስክ እንዲገባ የተፈቀደ እንደ ሆነ የመወሰኑ ሥራ ከሞዴሉ ወደ ኮንትሮለሩ ተዛወረ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ማን ምን ይዞ መግባት ይችላል የሚለው የበረኛ ጥያቄ ነውና። ለሙከራ ያለው ትርጉምም ግልጽ ነው። መምህሩ ውጤት ሲልክ ከውጤቱ ጎን «ጸድቋል» የሚል መስክ ጨምሮ ቢልክስ? ቅጹ ላይ የለም፤ ጥያቄው ውስጥ ግን ሊኖር ይችላል። ሙከራው ይህን ትርፍ መስክ ሆን ብሎ ይልካል፤ ውጤቱ ተመዝግቦ ማጽደቁ ግን አለመመዝገቡን ያያል።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «አሳሽን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ሴሌኒየምን የመሰለ መሣሪያ እያለ፣ ሰው እንደሚጠቀምበት አድርገን ከውጭ ብንፈትሽ አይሻልምን?» የሚል። ለሌላ ጉዳይ ይሻል ይሆናል። ለክልከላ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ያልተፈቀደለት ሰው ገጽ ላይ ቁልፉ አይታይም። አሳሹን የሚነዳው ሙከራ የማይታይ ቁልፍ ሊጫን አይችልምና «ቁልፉ የለም» ብሎ ይመለሳል፤ ሙከራውም አለፈ ይባላል። አጥቂ ግን ቁልፍ አይፈልግም፤ ጥያቄውን ራሱ ጽፎ ይልካል። የኮንትሮለር ሙከራ ልክ እንዲሁ ያደርጋል፤ ገጹን አልፎ በቀጥታ ደጁን ያንኳኳል። ከዚያም በላይ አሳሽ መክፈት ስለማያስፈልገው ፈጣን ነው፤ ብዙ መቶ ጥንዶች መጻፍ የሚቻለው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን «በቀጥታ» ማለት ምን ያህል በቀጥታ ነው? ይህ ባለፉት ዓመታት በሬይልስ ማኅበረሰብ ያከራከረ ጥያቄ ነበር። በቀድሞው አሠራር ሙከራው የኮንትሮለሩን ክፍል ፈጥሮ በውስጡ ያለውን ተግባር ይጠራ ነበር፤ በመካከል ያለው የጥያቄ ማስተላለፊያ ሰንሰለት ይዘለላል። ከዚያም ሙከራው የኮንትሮለሩን ውስጣዊ ተለዋዋጮች ከፍቶ ያይ ነበር፤ የትኛው የገጽ ቅርጽ እንደ ተመረጠም ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሬይልስ 5 እነዚህ ሁለቱ መመልከቻዎች ከዋናው ማዕቀፍ ወጥተው ለብቻ ወደሚጫን ጥቅል ተዛወሩ፤ አዲስ የሚፈጠሩት የኮንትሮለር ሙከራዎችም ሙሉውን ሰንሰለት የሚያልፉ ሆኑ። አርስፔክ የተባለው የሙከራ መሣሪያ አዘጋጆችም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ምክር ሰጡ። የአርስፔክ የድሮው ኮንትሮለር ሙከራ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ገጹን እንኳ አያዘጋጅም ነበር፤ ገጹ ተሰብሮ ሳለ ሙከራው ያልፍ ነበር ማለት ነው። በእኔ ግምት ለውጡ ዘግይቶ የመጣ ትክክል ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከኮንትሮለሩ በፊት ባለው ሰንሰለት ውስጥ ስለ ሆነ፣ ሰንሰለቱን የሚዘል ሙከራ የበረኛውን ግማሽ አካል ብቻ ይፈትናል።

በጃቫ የምትሠሩ ይህንኑ በስፕሪንግ ሞክ-ኤምቪሲ ታገኙታላችሁ። አንድ ኮንትሮለር ለብቻው አቁሞ መፈተን ይቻላል፤ በዚያ ጊዜ ግን የስፕሪንግ ሴኩሪቲ ማጣሪያዎች በራሳቸው አይመጡም። ሙሉ አውዱን ጭነን በእጃችን ስናዘጋጅም የደኅንነቱን ማጣሪያ በግልጽ ማከል ያስፈልጋል። ያንን የዘነጋ ቡድን በሩ ላይ ማንም ሳይኖር ሲገባና ሲወጣ ይውላል። እንዲሁም ሌላ ድረ ገጽ በተጠቃሚው ስም ጥያቄ እንዳይልክ የሚከላከለው የሲኤስአርኤፍ ፍተሻ በሬይልስ የሙከራ ከባቢ ከመነሻው የተዘጋ ነው፤ የጃንጎ የሙከራ ደንበኛም ካልታዘዘ አይፈትሸውም፤ ላራቬልም በሙከራ ጊዜ ያሰናክለዋል። ይህ የተደረገው ለሥራ ምቾት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ቢያንስ አንድ ሙከራ ፍተሻውን መልሶ ከፍቶ፣ ምልክቱን ያልያዘ ጥያቄ መመለሱን ማየት አለበት።

ስለ ሞክ፣ ማለትም እውነተኛውን ዕቃ ስለሚተካው አስመሳይ፣ በአጭሩ ልናገር። ከሥርዓታችን ውጭ ያለውን፣ ለምሳሌ የቴሌብር ክፍያን ወይም የአጭር መልእክት አገልግሎትን፣ በአስመሳይ መተካት ግድ ነው። የፈቃድ ጠያቂውን ክፍል ግን ሁልጊዜ «አዎ» በሚል አስመሳይ ተክቶ ኮንትሮለሩን ፈተንሁ ማለት፣ ዘበኛውን አስተኝቶ የአጥሩን ጥንካሬ መለካት ነው።

አንዳንድ መምህራን የሙከራን ጥራት በተሸፈነው የኮድ መስመር መቶኛ እንደሚለኩ አውቃለሁ። በእኛ ጉዳይ ይህ መለኪያ በቀጥታ ያሳስታል። የተፈቀደለት መምህር ጥያቄ ሲልክ፣ ፈቃድ የሚጠይቀው መስመር ይሄዳል፤ «አዎ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ መስመሩም እንደ ተሸፈነ ይቆጠራል። አንድም የክልከላ ሙከራ ሳይኖር ሽፋኑ መቶ በመቶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚሻል መለኪያ አለ። ደሚሎ፣ ሊፕተንና ሴይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረቱን የጣሉት ሚውቴሽን የተባለው ዘዴ ነው፤ ፕሮግራሙን ሆን ብሎ በጥቂቱ አበላሽቶ ሙከራዎቹ ይጮሁ እንደ ሆነ መጠየቅ። የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ዛሬ ማታ የፕሮጀክታችሁን ኮንትሮለር ክፈቱ፤ ፈቃድ የሚጠይቀውን አንድ መስመር ሰርዙ፤ ሙከራዎቹን ሁሉ አሂዱ። አንድም ካልወደቀ ያ መስመር በማንም አልተጠበቀም፤ ነገ አንድ ባልደረባችሁ ኮዱን ሲያጸዳ በስሕተት ቢያጠፋው የሚያስታውሰው የለም። በመመረቂያ ጽሑፎች የሙከራ ምዕራፍ ውስጥ የምናያቸው፣ ከላይ እስከ ታች «ተሳክቷል» የሚል ቃል የተደረደረባቸው ሠንጠረዦች በዚህ ጥያቄ ፊት ስንቶቹ ይቆሙ እንደ ሆነ ለአማካሪዎቹ ትቼዋለሁ።

ስለ ጌት ጥያቄም አንድ ነገር አለ። የኤችቲቲፒ ደንብ ጌት መረጃ ለማየት እንጂ ለመለወጥ እንዳይውል ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ዌብ አክስለሬተር የተባለ ፕሮግራም አወጣ፤ ተጠቃሚው ገና ሳይጫናቸው በገጹ ላይ ያሉትን ማስፈንጠሪያዎች አስቀድሞ እየጠየቀ ፍጥነት ለመጨመር የታሰበ ነበር። «ሰርዝ» የሚለውን በተራ ማስፈንጠሪያ የሠሩ መተግበሪያዎች የተጠቃሚዎቻቸው መረጃ ማንም ሳይነካው ሲሰረዝ አዩ። ስለዚህ መዝገብ የሚለውጥ አድራሻ ሁሉ በጌት ሲጠየቅ እንቢ ማለቱ ይፈተሻል።

የእኛን አገር ሥርዓት የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ማዕቀፎቹ የማያውቋቸው የራሳችን ፈተናዎች አሉባቸው። ጳጉሜን ውሰዱ። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት፤ በ2016 ዓ.ም. አምስት። እንግዲህ «ጳጉሜ 6 ቀን 2015» የያዘ ጥያቄ መግባት አለበት፤ «ጳጉሜ 6 ቀን 2016» የያዘው ደግሞ በሥርዓት መመለስ አለበት። በሥርዓት መመለስ ማለት በ422 ቁጥርና በግልጽ የስሕተት መልእክት ነው፤ 500 ቁጥር የመጣ እንደ ሆነ ያ ክልከላ ሳይሆን ብልሽት ነው፤ በረኛው ባለጉዳዩን አልመለሰም፣ ራሱ ወደቀ። «ካልተሳካ ይበቃል» የሚል ሙከራ ሁለቱን አይለይም።

ሰዓቱ ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለው። የውጤት ማስገቢያው ቀነ ገደብ ሐምሌ 30 ቀን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው እንበል። ሰዓታችን ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዩቲሲ የሚሠራ ሰርቨር ቀኑን ብቻ ካወዳደረ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ለእርሱ ገና የትናንቱ ቀን ነው፤ በሩ ሦስት ሰዓት ሙሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህንን ለመያዝ ሙከራው ሰዓቱን ማቆም መቻል አለበት። ከገደቡ አንድ ደቂቃ በፊት ያንኑ ጥያቄ ይልካል፤ ይገባል። ከገደቡ አንድ ደቂቃ በኋላ ያንኑ ይልካል፤ ይከለከላል። ቅድም ያልነው ጥንድ እንደ ገና መጣ፤ አሁን የተለወጠው ማንነት ሳይሆን ጊዜ ነው።

ፊደላችንም የራሱ ነገር አለው። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የይለፍ ቃል ለመጠበቅ በሰፊው የሚሠራበት ቢክሪፕት በብዙ አተገባበሮች የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይቶች ብቻ ነው። 72 ለሦስት ሲካፈል 24 ነው። ሠላሳ ፊደል ያለው የአማርኛ ይለፍ ቃል ያወጣ ጥንቁቅ ሰው፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ፊደላት ምንም ቢሆኑ ይገባለታል፤ ለሌላውም ሰው እንዲሁ። የመግቢያውን ኮንትሮለር በላቲን ፊደል ብቻ የሚፈትን ሰው ይህንን ሊያገኘው አይችልም። የአያት ስምን በግድ «የቤተሰብ ስም» በሚል መስክ ስለሚጠይቁት ቅጾች ዛሬ አልናገርም፤ ብዙ ተብሏል።

በመጨረሻ ስለ አደረጃጀቱ። ጥንዶቹ ሲበዙ በተናጠል መጻፋቸው ያሰለቻል፤ ስለዚህ በሠንጠረዥ ይሁኑ። በአንድ ወገን የጠያቂዎቹ ዓይነት ይሰለፋል፦ ማንነቱ ያልታወቀ፣ ተማሪው ራሱ፣ ሌላ ተማሪ፣ የኮርሱ መምህር፣ የሌላ ኮርስ መምህር፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ሬጅስትራር። በሌላ ወገን ድርጊቶቹ፦ ማየት፣ ማስገባት፣ ማረም፣ መሰረዝ፣ ማጽደቅ፣ መዝጋት። ሰባት በስድስት አርባ ሁለት ሕዋሳት ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ «ይፈቀዳል» ወይም «ይከለከላል» ይጻፋል፤ አንድ አጭር ፕሮግራም ሠንጠረዡን እያነበበ አርባ ሁለቱንም ይፈትሻል። «ሌላ ተማሪ» እና «የሌላ ኮርስ መምህር» የሚሉት ሁለት ረድፎች እንዳይቀሩ አደራ። የፈርስት አሜሪካን ችግር የተደበቀው እንዲህ ባለው ረድፍ ውስጥ ነው፤ ሥልጣኑ ትክክል፣ ዕቃው ግን የሌላ ሰው።

ከዚያ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ይጻፋል። ማዕቀፎቹ ሁሉ የመተግበሪያውን አድራሻዎች ዝርዝር መስጠት ይችላሉ። ሙከራው ዝርዝሩን ተቀብሎ በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ አድራሻ ካገኘ ይወድቃል። አዲስ ድርጊት የጨመረ ሰው፣ ለማን እንደ ተፈቀደ ሳይናገር ሥራውን ማስገባት አይችልም ማለት ነው።

ሠንጠረዡን ማን ይሙላው ለሚለው መልሴ ፕሮግራም አድራጊው አይደለም የሚል ነው። ሕዋሳቱን ባዶ አድርጋችሁ አትሙትና ወደ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። የትምህርት ክፍል ኃላፊ የጸደቀ ውጤት ማረም ይችላልን? «ኤንጂ» የነበረ ውጤት ከተዘጋ በኋላ የሚለውጠው ማን ነው? አብዛኛውን ወዲያው ይሞሉላችኋል። ጥቂቶቹ ላይ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፤ አንድ ሁለቱን ባዶ ትተው «እንነጋገርበታለን» ይሏችኋል። ከቢሮው ስትመለሱ መጀመሪያ የምትከፍቱት የእነዚያን ባዶ ሕዋሳት ኮንትሮለር ይሁን፤ ኮዱ ያለ ማንም ውሳኔ አሁን አንድ መልስ እየሰጠባቸው ነውና።

ለጥያቄ የተመደበው ሰዓት ስለ ደረሰ እዚህ ላይ አቆማለሁ።